አስማረ ተቀባይነት አላገኘም

ሐምሌ 14

«ለአቶ ስማቸው ትዕዛዙ። ጉዳዩ፦ ያቀረቡትን ገጸ ባሕርይ ይመለከታል። አስማረ የተባለው አስማተኛ በቀረበበት ሁኔታ ተቀባይነት አላገኘም። ምክንያቱ፦ ማንንም አይፈልግም። ማንንም የማይፈልግ ሰው ከሌሎች ጋር ሊጫወት አይችልም። ተስተካክሎ እስኪቀርብ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጨዋታው ጠረጴዛ እንዳይመጡ በትህትና እናሳስባለን። ሜላት ስማቸው፣ አጫዋች።»

ቃል በቃል ገለበጥኩት። እንዳይረሳ። ወረቀቱ ቁርስ ላይ ከሻይ ብርጭቆዬ ሥር ተቀምጦ ጠበቀኝ። የገዛ ልጄ! በራሴ ማስመሪያ አስምራ፣ በራሴ እስክሪብቶ… ለኮንትራክተሮች የምጽፈውን ደብዳቤ አጻጻፍ ሳይቀር ወስዳ። «እናሳስባለን» ትላለች። እናንተ እነማን ናችሁ?

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነው። እንጅባራ በሐምሌ ሌላ ሥራ የላትም። እኔም የለኝም። የመንገዱ ፕሮጀክት ከቆመ ወዲህ ጥራቱን የምቆጣጠረው አስፋልት የለም። ቁጭ ብዬ ከጣሪያ የሚወርደውን ውሃ እቆጣጠራለሁ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ካልሆነ ንዴቱ አይወጣልኝም። ሜላት ዩኒቨርሲቲው ትምህርት አቋርጦ ከበተናቸው ወዲህ ቤት ናት። ከእኔ ጋር ያላት ወሬ «ምሳ ቀርቧል» እና «መብራት መጣ» ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ጓደኞቿ ይመጣሉ፤ ባጃጅ የሚነዳው ደረሰና መድኃኒት ቤት የምትሠራው ሶስና። ከካምፓስ ያመጣችውን ጨዋታ ሳሎን ቁጭ ብለው ይጫወታሉ። እያንዳንዱ አንድ ሰው ይፈጥራል፤ እንደዚያ ሰው ሆኖ ይናገራል፣ ይወስናል። አጫዋቿ ሜላት ናት፤ የሚገጥማቸውን የምትተርከው እሷ ናት። ይሳካል አይሳካም የሚያሰኝ ነገር ሲመጣ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይጣላል። ታሪኩ የሚካሄደው እዚሁ እንጅባራ፣ በዛሬው ዘመን ነው። ብቻ በታሪኩ ውስጥ አስማት አለ። መብራት በጠፋ ቁጥር አንድ ሰፈር ከነሰዉ ይሰወራል፤ ማንም አያስታውሰውም። እነሱ የተሰወረውን ፈልገው ይመልሳሉ።

ሳቋን በግድግዳ በኩል እሰማለሁ። እንደዚያ እንደምትስቅ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ሰሞን በሩን ከፍቼ «እኔስ?» አልኩ።  ደረሰ ከወንበሩ ተነሳ፤ «ይቀመጡ ጋሼ»። ሜላት ግን «ገጸ ባሕርይ ሠርተህ አምጣ። አስማተኛ ጎድሎናል» አለች። ሠራሁ። አስማረ እሳት ያዛል፣ ይበራል፣ የሰው ሐሳብ ያነባል፣ የማይናገረው ቋንቋ የለም፣ አይታመምም፣ አይተኛም። ለድልድይ ከማደርገው ያላነሰ ጥንቃቄ ነው ያደረግኩት። መልሱ ይኸው።

የሚያናድደኝ ጨዋታው ነው? አይደለም። ካምፓሱ ሲጠራቸው ትሄዳለች። ከዚያ በፊት አንድ ቅዳሜ… አንድ ብቻ፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ነው የፈለግኩት።

ሐምሌ 15

ምሳ ላይ ይግባኝ አልኩ። በቃል።

«የሰጠሽው ምክንያት በቂ አይደለም።»

«ምኑ ነው የማይበቃው?»

«ጠንካራ ስለሆነ ነው የጣልሽው።»

«ጠንካራ ነው አላልኩም። እስቲ ንገረኝ፤ ሰፈሩ ሲሰወር አስማረ ምን ያደርጋል?»

«ሄዶ ይመልሰዋል።»

«ደረሰስ? ሶስናስ? ቁጭ ብለው ያጨብጭቡለት?»

«አንቺ ልጅ…»

«አባዬ፣ አንተ የኮንትራክተር ሥራ ሲበላሽ ምን ትለው ነበር? አፍርሰህ ሥራ አይደል የምትለው?»

ሚስቴ እመቤት ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። «አንተው ያስተማርካት ነው» አለችኝ፣ ድንች እየጨመረችልኝ። ይህች ሴት ከማን ጋር ናት?

ሐምሌ 19

ቅዳሜ። መኝታ ቤት ቁጭ አልኩ። ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩ። ሳቃቸው ሲቀርብኝ ዝቅ አደረግኩ።

ሐምሌ 23

ሁለተኛውን አቀረብኩ። ድክመት ፈለገች አይደል? ድክመት ሰጠኋት። በሠንጠረዥ። እሳት ካነሳ ብርድ ብርድ ይለዋል። ከበረረ ጉልበቱን ይቆረጥመዋል። ሐሳብ ካነበበ ራሱን ያመዋል። እንደ ኮንክሪት ድብልቅ መጠኑን አስልቼ አስቀመጥኩ። ምን ይወጣለታል?

በረንዳ ላይ ቆማ አነበበችው። እስከ መጨረሻው ነው ያነበበችው፤ ይህን አልክድም።

«ይህን ሁሉ ሶስና ከመድኃኒት ቤቷ ትፈውሰዋለች» አለች።

«እንዴት አድርጋ?»

«ራስ ምታት፣ ብርድ፣ ቁርጥማት… ሁሉም ኪኒን አለው። ውጦ ይተኛል፣ ጠዋት ደግሞ ያው ብቻውን ይነሳል።»

ልመልስላት አፌን ስከፍት ፈገግ አለች። ለእኔ። «ሠንጠረዡ ግን ያምራል አባዬ።»

አልጸደቀም። ግን ወረቀቱን አልመለሰችልኝም፤ ይዛው ገባች። ለምን ያዘችው?

እመቤት ደግሞ በሌላ በኩል መጣች። «ቤቴ ውስጥ ጠንቋይ ነው የምትሠራው?» «ጠንቋይ አይደለም፤ አስማተኛ ነው።» «ልዩነቱን ለንስሐ አባታችን አንተው ታስረዳለህ» ብላኝ ሄደች። ለራሴ ለማስረዳት ሞከርኩ… ጠንቋይ ያሟርታል፣ መተተኛ ይቀብራል። አስማረ ምን ያደርጋል? ከማን አገኘው? ለማን ያደርገዋል? አላውቅም። የራሴን ሰው አላውቀውም።

ሐምሌ 28

ዝናቡ ጋብ ሲል ሚኒባስ አግኝቼ ግምጃ ቤት ወደሚባለው ገጠር ሄድኩ፣ ወንድሜ ዓለምነው ዘንድ። ቤት ተቀምጦ ከመናደድ ብዬ።

ስደርስ ወንፈል ላይ ናቸው። የዳጉሳ አረም። ዛሬ የዓለምነው ማሳ፣ ነገ የጎረቤቱ፣ ከነገ ወዲያ የሌላው። የረዳህን ሰው በተራው ቀን ሰጥተህ ትመልስለታለህ፤ በራስህ ወገብ። ቆሞ ማየት ደግሞ ነውር ነው። ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁ።

ከኋላዬ ሸጋ ነበረች፣ የዓለምነው ጎረቤት። ምላሷ ማጭድ ነው። ለሴቶቹ በአገውኛ «ኢንጂነሩ ዳጉሳውን እየነቀለ አረሙን ይኮተኩታል» ስትል ሰማሁ። ዞሬ አየሁ። እውነቷን ነው! ቡቃያው ያው ሣር ነው የሚመስለው… ድሮ እለየው ነበር። ያደግኩበት ቋንቋ መሆኑን የረሳች ይመስላል። «የጥራት ቁጥጥር ነው» ብዬ በዚያው በአገውኛ መለስኩላት። ማሳው ሁሉ ሳቀ።

ሥራው ሲያልቅ ሸጋ እጇን እያራገፈች መጣች።

«ቀንህ ተይዞልሃል። መቼ እንምጣልህ?»

«የት?»

«እንጅባራ ነዋ፣ ቤትህ።»

«እኔ ማሳ የለኝ። ተዉት፤ ምንም አያስፈልገኝም።»

ፊቷ ተቀየረ። «አያ ስማቸው፣ ምን በደልንህ?» ብላኝ ሄደች።

ዓለምነው ክንዴን ይዞ ገለል አደረገኝ። «ምን ነካህ? ቀኔን አልቀበልም ስትል እኮ ከእናንተ ጋር አልገባም ማለትህ ነው። ዳጉሳውን መንቀልህን ስቀው ያልፉታል። ይህን አያልፉትም።»

ተከትያት ሄድኩ። ጓሮዬ ያለው ድንች ሲደርስ ኑና አውጡልኝ አልኳት። ድንቹ እኮ እንኳን ለወንፈል ለእመቤትም ሥራ አይሞላም። «እንመጣለን» አለች። ፊቷ ተፈታ።

የተመለስኩበት መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን እያንዳንዱን እመዘግበው ነበር። ዛሬ አስማረን ሳስብ ነው የደረስኩት።

ነሐሴ 5

አዲሱ አስማረ። የበፊቶቹን ተውኳቸው።

ዕድሜው ሃምሳን አልፏል። ባጃጅ ተራው አጠገብ ቁጭ ብሎ ጃንጥላ ይጠግናል። ብቻውን የክብሪት ያህል እሳት እንኳ ማንሳት አይችልም። አስማቱ የሚሠራው ሌላ ሰው እጁን ሲያውሰው ነው። ያዋሰው ሰው በእሱ ላይ አንድ ቀን አለው። በጠራው ዕለት አስማረ ይሄዳል፤ የታዘዘውን ይሠራል። በአካል ነው የሚከፈለው፤ ሰው ልኮ፣ ስጦታ ልኮ አይሆንም። ማንም የሚመልስለትን ቀንም እንቢ ማለት አይችልም። «ምንም አያስፈልገኝም» ያለ ዕለት አስማቱ ይጠፋል።

የጻፍኩትን ጮክ ብዬ ሳነበው እመቤት ሽሮ እየነፋች ከማዶ ታዳምጣለች።

«ሚስት አለችው?»

«አልጻፍኩም።»

«ጻፋ! ቀኑን ሙሉ ጃንጥላ ሲጠግን ማን ምሳ ያደርስለታል?»

ጻፍኩ።

«ይጾማል?»

«እመቤት፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

«ክርስቲያን ነው አይደለም?»

«…ነው።»

«እንግዲያ በጾም አስማት አይሠራም። ጻፍ።»

ተከራከርኩ። ምክንያት አቅርቢ አልኳት። «ምክንያቱ እኔ ነኝ» አለች። ጻፍኩ፤ ምን ላድርግ? ከዚያ ወዲህ ግን ጠንቋይ የሚባል ነገር አላነሳችም። ማታውን እንዲያውም «ሚስቱን ማን አልካት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ነሐሴ 8

ጸደቀ። በጽሑፍ። አንድ ማሻሻያ ገብቶበታል፦ «እጅ የሚያውስ ተጫዋች በእውነት እጁን በአቶ ስማቸው ትከሻ ላይ ያኖራል። አጫዋች ግን የማንም ወገን ስላልሆነች እጅ አታውስም።» ተገቢ ነው። ፈረምኩ።

ደስ ብሎኛል። ለማንም አልናገርም።

ነሐሴ 10

ተቀመጥኩ።

ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ካርታ የእኔ የመንገድ ፕላን ነው፤ ገልብጣ ጀርባው ላይ ከተማዋን ሥላበታለች። ሳታስፈቅደኝ። «ስኬል የለውም» አልኩ። «ሳንጀምር?» አለች ሜላት። 

ደረሰ የሚጫወተው ከውሾች ጋር የምትነጋገር አሮጊት ሆኖ ነው። ድምፁን አቅጥኖ «አንተ ልጅ፣ የማን ነህ?» አለኝ። ደረሰ! መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባጃጁን አቁሞ የሚሰግድልኝ ልጅ። ሶስና ደግሞ በጥላ ውስጥ እያለፈች የምትሰርቅ ሌባ ናት። በእውኑ የእያንዳንዱን ኪኒን ቀን ደጋግማ ሳታይ የማትሸጥ ሴት።

መጀመሪያ የገጠመን የተቆለፈ መጋዘን ነው። «አስማረ ምን ያደርጋል?» ተባልኩ። ትከሻዬን አመቻቸሁ። ሜላት ወረቀቱን ገልጣ አነበበች። «በጾም አስማት አይሠራም ይላል። አሁን ምንድን ነው?»

ፍልሰታ።

ደረሰ በአሮጊቷ ድምፅ «እንዲህ ያለውን አስማተኛ በዕድሜዬም አላየሁ» አለ። ሶስና ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች፤ «ይሰረዝልዎት ጋሼ፣ እኛ ምንም አንልም።» «የጸደቀ ሰነድ አይሰረዝም» አልኩ። ተናድጄ ነበር። በማን? በራሴ ወይስ በእመቤት?

ከዚያማ ምን ቀረኝ… አስማረ አሮጊቷን ደግፎ ጭቃውን አሻገራት። ለሌባዋ ጃንጥላ ያዘላት። በመስኮት ስትገባ ዘበኛው እንዳያያት ቁጭ ብሎ ከዘበኛው ጋር ወሬ ጀመረ። ዘበኛውን የምትሆነው ሜላት ናት። «ወገብዎን መቼ ነው የጀመረዎት?» አልኩት። ስለ ወገቡ ነገረኝ። ስለ ልጆቹ ነገረኝ። ትምህርቱን አቋርጦ ቤት መቀመጡ እንደሚያሳፍረው፣ እኩዮቹ ጥለውት የሄዱ እንደሚመስለው… ዘበኛ ምን ትምህርት አለው? አልጠየቅኩም። «የሚያሳፍር ነገር አይታየኝም» አልኩት። «እርስዎ አይመስልዎትም?» አለኝ። «አይመስለኝም» አልኩት።  ሶስና ከመጋዘኑ ወጥታ ስትጠብቀን ቆየች።

ነሐሴ 17

ፍልሰታ ወጥቷል። መብራት ጠፋ፤ በጨዋታው ውስጥ። ከስታዲየሙ ጀርባ ያለው ሰፈር ተሰወረ። በሩን ባጃጅ ተራው ግድግዳ ላይ አገኘነው። ለመክፈት ሦስት እጅ ያስፈልጋል አለች አጫዋቿ። ደረሰ ተነስቶ እጁን ትከሻዬ ላይ አኖረ። ቤንዚን ይሸታል። ሶስና በሌላው ትከሻዬ። አንድ ጎደለ።

«ሌላ ማን አለህ?» አለች ሜላት።

እመቤትን ከጓዳ ጠራኋት። ከዚያው ሆና «እኔን ተዉኝ! ጾም ቢወጣም አስማት ላይ እጄን አላኖርም» አለች።

«በሁለት ልሞክር» አልኩ።

«ከባድ ነው። ጣል።»

ዳይሱን ጣልኩ። ሦስት ወጣ። ሃያ ፊት ባለው ዳይስ፣ ሦስት።

 አስማረ እዚህ ላይ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ራሴ ነኝ የጻፍኩት። ለመናገር ግን ጊዜ ወሰደብኝ።

«ሰው እፈልጋለሁ» አልኩ። ደረሰ ለአሮጊቷ ድምፅ አለው። እኔ ለአስማረ ሌላ ድምፅ አልሠራሁለትም፤ የወጣው የራሴው ነው።

ሜላት ዳይሱን አየች። የጸደቀውን ወረቀት አየች። ከዚያ ከወንበሯ ተነሳች፤ ጠረጴዛውን ዞራ ከኋላዬ ቆመች። እጇን አንገቴ ሥር፣ በሁለቱ እጆች መካከል አኖረች።

«አጫዋች እጅ አታውስም» አልኩ። ደንብ ደንብ ነው።

«አውቃለሁ» አለች።

አላነሳችውም። እጇ ቀዝቃዛ ነው… ሌላ ምን ልጽፍ? በሩ ተከፈተ። አሮጊቷና ሌባዋ ሰዉን ሊያወጡ ገቡ። አስማረ በሩን ይዞ ቆመ። እዚያ ላይ መሸብን፤ አቆምን።

ነሐሴ 24

ሶስና ተረኛ ናት። ጨዋታ የለም።

ነሐሴ 29

ካምፓሱ ጠራቸው። በቴሌግራም። አዲስ ዓመት እንዳለፈ ይግቡ ይላል።

እመቤት በሶ ልታስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄደች። ሜላት ልብሷን እያጠፈች ዘፈነች። ደስ ብሏታል፤ ደስ ሊላት ይገባል። እኔም ደስ ብሎኛል። ይህን ለማን ነው የምጽፈው?

ጳጉሜን 1

ቅዳሜ ነው፤ ሻንጣ በሻንጣ ሆነናል። ደረሰና ሶስና ሊሰናበቱ መጡ እንጂ ሊጫወቱ አልመጡም።

«አስማረስ?» አልኳት።

«በሩን ይዞ ይቆይ አባዬ።»

መስከረም 7

ሄደች። የሚኒባሱን ጎማ አየሁት፤ የፊት ቀኙ ተልጦ አልቋል። ካልቀየርክ ልጄ አትሳፈርም አልኩ። ሾፌሩ «ኧረ ጋሼ፣ ገና ዓመት ይሠራል» አለኝ። ዓመት! ተሳፋሪው ሁሉ አጉረመረመ፤ ሜላት በመስኮት በኩል ፊቷን ሸፈነች። እስኪቀይር ድረስ ቆምኩ። ቀየረ።

ሊነሳ ሲል በመስኮቱ እጇን አወጣች። ያዝኩት። «ይበርድሻል፤ ዝጊው» አልኳት።

መስከረም 14

ሸጋና ዓለምነው ሰው አስከትለው መጡ። ድንቹ ገና ፀሐይ ሳይበረታ አለቀ። ቀሪውን ቀን በልተን ስንጫወት ዋልን። እመቤት ከሸጋ ጋር በጣም ነው የተስማማችው፤ ሲስቁ የሰማሁት በእኔ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

መስከረም 24

ቅዳሜ። ማንም ሳይጠራቸው ደረሰና ሶስና ከች አሉ። ሳሎን ቁጭ አልን። ካርታው የለም፣ ዳይሱ የለም፤ ሜላት ይዛቸው ሄዳለች። «አሮጊቷ እዚያ ውስጥ ምን እየበላች ይሆን?» አለ ደረሰ። ሶስና «ውሾቹ ያመጡላታል» አለች። 

ከሜላት የሚመጣው በየጥቂት ቀኑ «ደህና ነኝ» ነው። ኔትወርኩ ነው ይላሉ። ይሆናል። ከመኝታ ክፍሏ በረዶ ቤት ይሻላል ማለቷን ግን ከእመቤት ሰምቻለሁ። ለእኔ አልነገረችኝም… እኔስ ጠይቄያለሁ?

ለሜላት የጻፍኩትን ደብዳቤ ለሁለቱ አነበብኩላቸው። ደረሰ «አሁን ነው የእርስዎ ነገር የገባኝ ጋሼ» ብሎ ሳቀ። ሶስና አልሳቀችም፤ አንድ ቃል አስተካከለችልኝ። በንጹሕ ወረቀት ገልብጬዋለሁ፤ ደረሰ ነገ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ይሰጥልኛል። ቅጂው ይኸው፦

«ለወይዘሪት ሜላት ስማቸው፣ አጫዋች። ጉዳዩ፦ ያልተከፈለ ቀንን ይመለከታል። ነሐሴ 17 ቀን በተደረገው ጨዋታ ከደንብ ውጪ እጅዎን ማዋስዎ ይታወሳል። በጸደቀው ሰነድ መሠረት በእኔ ላይ አንድ ቀን አለዎት። ይህ ቀን በስልክም ሆነ በሰው እጅ የሚላክ አይደለም፤ የሚከፈለው በአካል ነው። ስለሆነም ወዳሉበት መጥቼ የክፍልዎን መስኮት በመድፈንም ይሁን፣ ብርድ ልብስ በመሸከምም ይሁን፣ ሥራ ከሌለም አብሮ ምሳ በመብላት እንዲያሠሩኝ እጠይቃለሁ። መቼ ልምጣ? መልስዎ እስከ ጥቅምት 5 ቀን ድረስ በጽሑፍ ይድረሰኝ። ‹ደህና ነኝ› የሚለው እንደ መልስ አይቆጠርም። ስማቸው ትዕዛዙ።»